ጉድ ለማየት ትኬት የቆረጡ ጨዋዎች

በሚያዝያ 1776 ከእንግሊዞች እጅ አንድ ሰፊ አገር እያመለጠ ነበር። ጦራቸው ቦስተንን ለቆ ከወጣ ገና ወሩ ነው። አሜሪካ ነጻነቷን ልታውጅ ሦስት ወር እንኳ አልቀራትም። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው፤ ወደኛ መመለሱን ለእናንተ ትቻለሁ።) ታዲያ በዚያ ሰሞን የእንግሊዝ ሎርዶች ካባቸውን ደርበው፣ ማዕረጋቸውን ጠብቀው፣ በሰልፍ ዌስትሚንስተር አዳራሽ የገቡት ለምን ይመስላችኋል? ለጦርነቱ እንዳትሉኝ። አንዲት የ55 ዓመት ሴትዮ በባል ላይ ባል አግብታለች ወይስ አላገባችም የሚለውን ሊፈርዱ ነው።

ችሎቱ አምስት ቀን ፈጀ። መግቢያው በትኬት ነው። ትኬት ደግሞ ያለ ዘመድ አይገኝም። ሐና ሞር የምትባል ጸሐፊ ታዋቂው ተዋናይ ዴቪድ ጋሪክ የራሱን ትኬት ሰጥቷት ገባች። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ለብሳ፣ አምራ፣ ተዘጋጅታ ነበር። አዳራሹ ውስጥ አምስት ሺህ ሰው ይኖራል ብላ ገምታለች። ንግሥት ሻርሎት እንኳ ልትወልድ ቀናት ሲቀሯት መጥታለች። ሐና አንድ ነገር ደግሞ ልብ ብላ አየች። እነ ዴቮንሺር ዱቼስን የመሳሰሉ ወይዛዝርት የጥልፍ ቦርሳቸውን ይዘው ነው የመጡት። ቦርሳው ውስጥ ግን ያለው ጥልፍ አይደለም፤ የሚበላ ነው። እሷ በበኩሏ አልተቸገረችም። የኒውካስል ዱክ ቤት ከአዳራሹ ጋር የተያያዘ ስለነበር፣ በሩን ከፈት አድርጋ ቀዝቃዛ ሥጋና ወይን ጠጅ ታገኝ ነበር። ይህን ዱክ ያዙልኝ፤ እንፈልገዋለን።

ተከሳሿ ኤልሳቤጥ ቸድሊ ትባላለች። ከል ለብሳ ቀረበች። ሐና እንደጻፈችው ፊቷ ባይነጣ ኖሮ የጥቁር ጨርቅ ጥቅል ትመስል ነበር። ሴት ለሴት እንዲህ ናት እንግዲህ፤ ሴትየዋ እጇ በብረት ሊተኮስ ነው፣ ታዛቢዋ ስለ ልብሷ ትጽፋለች።

ነገሩ የጀመረው ከ30 ዓመት በፊት ነው። ኤልሳቤጥ አባቷ በልጅነቷ የሞቱባት፣ መልክና ምላስ እንጂ ጥሪት ያልነበራት ልጅ ነበረች። በ1743 የዌልስ ልዕልት የኦገስታ ደንገጡር ሆነች። ጥሩ ሥራ ነው። ደመወዝ አለው፣ ቤተ መንግሥት ያስገባል፣ ባለጸጋ ባል ያስገኛል። አንድ መስፈርት ብቻ አለው፦ ያላገባች መሆን አለባት። በዓመቱ ልጅቷ አገባች።

ያውም ማንን? ኦገስተስ ኸርቬይ የሚባል የ20 ዓመት የባሕር ኃይል መኮንን። ከትልቅ ቤት የተወለደ ነው፤ ግን ታናሽ ልጅ ነውና ርስቱም ማዕረጉም የታላቅ ወንድሙ ነው። ጋብቻው የተፈጸመው ዊንቸስተር አጠገብ፣ ላይንስተን በምትባል ቦታ፣ በአንዲት ጠባብ የገጠር ቤተ ክርስቲያን፣ በሌሊት ነው። ከምስክሮቹ አንዱ ሻማውን ባርኔጣው ውስጥ አቁሞ ያበራ ነበር ይባላል። ሚዜ የለ፣ ዘፈን የለ፣ ድንኳን የለ። ሙሽራው በቀናት ውስጥ ወደ መርከቡ ተመለሰ፤ ሙሽሪትም ወደ ደንገጡርነቷ። ደመወዟ እንዳይቋረጥ «አላገባሁም» ማለቷን ቀጠለች። ባልየው ሲመለስ ጠብ ነው። በድብቅ ወንድ ልጅ ወለደች፤ ሕፃኑ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ከዚያ ሁለቱም በየፊናቸው ሄዱ።

በ1749 በአንድ የጭንብል ድግስ ላይ ኢፊጌንያን ሆና ቀረበች። ኢፊጌንያ በግሪኮች ተረት አባቷ ለመሥዋዕት ያቀረባት ልጅ ናት። የኤልሳቤጥ ልብስ የሰው ገላ የሚመስል ስስ ጨርቅ ነበር። ልብስ ካልነው ነው። ኤልሳቤጥ ሞንታጉ የምትባል ወይዘሮ ስታየው፣ ካህኑ መሥዋዕቷን ሳያርድ አንጀቷን መመርመር ይችል ነበር ብላ ጻፈች። በዕድሜ የገፉት ንጉሥ ጆርጅ ዳግማዊ ጡቷን በእጃቸው ልንካ ብለው ቢጠይቋት፣ «ከዚህም የለሰለሰ ቦታ አውቃለሁ» ብላ እጃቸውን ይዛ የገዛ ግንባራቸው ላይ አሳረፈችው የሚል ወሬ አለ። እውነት ይሁን ሐሜተኛ የጨመረው ጨው እንጃ። ግን ማን እንደዚያ አለባበስ ይመልሳል! በቦታው ያልነበሩ ሠዓሊዎች ሥዕሏን አትመው ቸበቸቡት። ዛሬ ቢሆን የሠፈሩ ልጅ በስልኩ ላይቭ ይገባ ነበር።

ዋናው ተንኮል የመጣው በ1759 ነው። የኸርቬይ ታላቅ ወንድም፣ የብሪስቶል ኧርል (ኧርል የመኳንንት ማዕረግ ነው)፣ በጠና ታመመ። ወንድምየው ከሞተ ያ ድሃ መኮንን ኧርል ይሆናል። እሷም የኧርል ሚስት። ቸድሊ ፈረስ አስጭና ወደ ዊንቸስተር ገሰገሰች። ያጋቧቸው ቄስ አልጋ ላይ ናቸው። በማያውቁት ጉዳይ አይደለምና ለመነቻቸው፣ መዝገብ ተከፈተ፣ ከ15 ዓመት በፊት የተፈጸመ ጋብቻ እንደ አዲስ ተጻፈ። እሷም እፎይ ብላ ተመለሰች። በሽተኛው ወንድምም እፎይ ብሎ ዳነ። 16 ዓመት ኖረ!

ልብ በሉልኝ፣ ሴትየዋ በዚህ ሁሉ መሀል የኪንግስተን ዱክ ወዳጅ ናት። ዱኩ ሀብታም፣ ዝምተኛ፣ ዓሣ ማጥመድ የሚወድ ሰው ነው። ኸርቬይ ሌላ ሴት ማግባት ሲፈልግ ፍቺ ጠየቀ። ፍቺ ለማግኘት ግን እሷ «አመንዝራለች» መባል አለባት። ይህን አልፈለገችም። ስለዚህ በቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት ራሷ ከሰሰች። ክሱም «ይህ ሰውዬ ባሌ ነኝ እያለ ያስወራብኛል» የሚል ነው። ማለች። ፍርድ ቤቱም ያላገባች ናት ብሎ ወሰነላት። በየካቲት 1769 ነጻ ተባለች፣ በመጋቢት ዱኩን አገባች፣ ፈቃዱን የሰጡት የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ናቸው። ከዚህ በላይ ሕጋዊ ሠርግ የት ይገኛል?

ዱኩ በ1773 ሞተ። ንብረቱን ለእሷ ተናዘዘ፤ ሌላ ባል ካላገባች ነው። ከኑዛዜው የተዘለለው የእህቱ ልጅ ታዲያ መቼ ዝም ይላል? የውርስ ጉዳይ ሲመጣ ዘመድ ሁሉ መርማሪ ፖሊስ ነው፤ ይኼ የአገራችን ብቻ አይምሰላችሁ። ፈልጎ ፈልጎ የኤልሳቤጥን አክስት የድሮ ሠራተኛ አገኘ። አን ክራዶክ ያንን ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነበረች። የቄሱ ሚስትም ከባሏ ሞት በኋላ ስለ መዝገቡ መሰከረች። ማዕረግ ያመጣልኛል ብላ በገዛ እጇ ያስጻፈችው ገጽ አስፈረደባት።

ሎርዶቹ ከታናሹ ጀምሮ ተራ በተራ እየተነሡ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «በክብሬ እምላለሁ፣ ጥፋተኛ ናት» አሉ። ከመቶ በላይ ሰው አንድ ዓይነት ቃል! የኒውካስል ዱክ ተራ ሲደርስ ብቻ ነገሩ ተለወጠ። ያ የወይን ጠጁ ጌታ። «ጥፋተኛ ናት፣ ግን በስሕተት እንጂ አስባ አይደለም» ብሎ ቁጭ አለ። ለእኔ ከዚያ ሁሉ ካባ መሀል ሰው የሚመስል ቃል የወጣው ከዚህ ሰውዬ ነው።

ቅጣቱስ? በጋብቻ ላይ ጋብቻ የፈጸመ ተራ ሰው እጁ በጋለ ብረት ይተኮስ ነበር። መኳንንት ግን በመጀመሪያ ጥፋታቸው አይተኮሱም። እዚህ ላይ ነው ሕጉ ራሱን በራሱ ያሰረው። የኪንግስተን ዱቼስ አይደለችም ካሏት የኸርቬይ ሚስት ናት። የኸርቬይ ወንድም ደግሞ በመጨረሻ በ1775 ሞቶ፣ ኸርቬይ ኧርል ሆኗል። ስለዚህ ጥፋተኛ የተባለችበት ምክንያት ራሱ የብሪስቶል ካውንቴስ፣ ማለትም የኧርል ሚስት፣ አደረጋት። መብቷን ጠየቀች፣ ተፈቀደላት፣ የችሎት ክፍያዋን ከፍላ ወጣች። የኪንግስተን ዱክ የእህት ልጅ ከአገር እንዳትወጣ የሚያግድ ትእዛዝ ሳያወጣ ባሕር ተሻግራ ካሌ ገባች። ንብረቱም ከእጇ አልወጣም። ኋላ በመርከብ ሴንት ፒተርስበርግ ድረስ ሄዳ ከዳግማዊት ካትሪን ጋር ተዋወቀች፣ በዚያው አካባቢ መሬት ገዝታ የአረቄ ማውጫ አቋቋመች። ከዱቼስነት ወደ አረቄ አውጪነት ማለት ነው። በ1788 ፓሪስ ሞተች።

ኸርቬይስ? እሱን ማንም አልከሰሰውም። በየወደቡ ስላወቃቸው ሴቶች ማስታወሻ ይጽፍ የነበረ ሰው ነው፤ የታሪክ ጸሐፊዎች የእንግሊዙ ካሳኖቫ ይሉታል። ያ ሁሉ ሕዝብ እሱን ለማየት ትኬት አልቆረጠም። ወንድ በየወደቡ ቢያገባ መርከበኛ ነው።

የዚያን ዘመን አውሮፓ ነገር ሳነብ የሚገርመኝ ሴቶቹ አይደሉም፤ ታዳሚው ነው። ቡና ላይ ተሰብስበን «ኧረ ጉድ ነው» እያልን ስኒ የምናስደግም እኛም ከታዳሚው አንጠፋም። ግን የለንደን ታዳሚ ተራ ሰው አልነበረም። ሐኪሙ፣ ዳኛው፣ ንጉሡ ነው።

ለምሳሌ በ1726 ሜሪ ቶፍት የምትባል የጎዳልሚንግ ድሃ ሴት ጥንቸል ወለድኩ አለች። አንድ አይደለም፣ በየጊዜው። ነፍሰ ጡር ሳለች እርሻ ላይ ጥንቸል አይታ፣ አባርራ ስላጣቻት አምሮቱ ቀረባት። ይኼን ክፍል የኛ እናቶች ቢሰሙ አይገረሙም፤ አምሮት ያልወጣለት ልጅ ላይ ምልክት ይቀራል ሲሉ ነው የኖሩት። ግን ምልክት ሌላ፣ ጥንቸል ሌላ። የቀዳማዊ ጆርጅ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ናትናኤል ሴንት አንድሬ ለንደን ተቀምጦ ሳቁን ቢለቀው ይሻል ነበር። እሷ ድረስ ሄደና አመነ። የጥንቸሏን ሳንባ ውኃ ውስጥ ጣለው፤ ተንሳፈፈ። የተንሳፈፈ ሳንባ አየር ተንፍሷል ማለት ነው። ማኅፀን ውስጥ ደግሞ አይተነፈስም። ሰውየው ይህን በዓይኑ እያየ መጽሐፍ አሳተመ! ሌላ ሐኪም የጥንቸሏን ፋንድያ ቢፈታው ድርቆሽና እህል አገኘበት። ሜሪን ለንደን አምጥተው ሲጠብቋት፣ አንድ በረኛ በስውር ጥንቸል እንዲያስገባ መለመኑን አጋለጠ። ሐኪሞቹ ቀድደን እንመርምርሽ ሲሏት ታኅሣሥ 7 ቀን አመነች። እስር ቤት ብትገባ ሕዝቡ ሊያያት ተሰለፈ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ በ1774 ጀምስ ብሩስ ከጎንደር ለንደን ተመልሶ ሐበሾች ጥሬ ሥጋ ይበላሉ ብሎ ቢናገር፣ ብዙዎቹ ሳቁበት። ውሸታም አሉት። ጥንቸል የወለደችውን አምነው ቁርጥ የበላነውን አላመኑም።

ወደ መጨረሻዋ ልለፍ። ሲይመር ፍሌሚንግ ትባላለች። የባሏ ስም ሰር ሪቻርድ ወርስሊ ነው። በ1781 ከባሏ ወዳጅ ከካፒቴን ቢሴት ጋር ጠፋች። ባልየው ቢሴትን 20,000 ፓውንድ ካሳ ጠየቀ። የሚስት መባለግ በዚያ ዘመን ሕግ የባል ንብረት መበላሸት ነበርና። እሷ ችሎት ቆማ አንድ ቃል መናገር አትችልም። ስለዚህ የድሮ ወዳጆቿ ቀርበው ንብረቱ ቀድሞም የተበላሸ እንደነበር መሰከሩ። ከዚያ የባሰው መጣ። ሜድስተን አጠገብ ባለ መታጠቢያ ቤት ሚስቱ ስትታጠብ፣ ሰር ሪቻርድ ራሱ ቢሴትን ትከሻው ላይ አዝሎ በመስኮት እንዲያያት አድርጓል። መስኮቱን አንኳኩቶ «ሲይመር፣ ቢሴት ሊያይሽ ነው» ማለቱን የመታጠቢያ ቤቱ ሠራተኛ መሰከረች። የዳኞቹ ጉባኤ ጥፋቱስ አለ ብሎ የካሳውን ልክ ወሰነ፦ አንድ ሽልንግ። የችሎቱ ቃል በትንሽ መጽሐፍ ታትሞ በዓመት ውስጥ ደጋግሞ ተሸጠ።

ሰር ሪቻርድ ፍቺ አልሰጣትም። ጥሎሿም በእጁ ቀረ። ሴትየዋ ጠበቀች። ነሐሴ 1805 ሰውየው ሞተ፣ 70,000 ፓውንዷ ተመለሰላት። ወሩን እምብዛም ሳታሳልፍ በመስከረም አገባች። እሷ 47፣ ሙሽራው 26። ወደ አባቷ ስም ፍሌሚንግ ተመለሰች፤ አዲሱ ባሏም የገዛ ስሙን ትቶ ፍሌሚንግ ተባለ።