ልጅ በዕድሉ የሚያድግ ከሆነ ቢሮው ለምን ተከፈተ?

ባለፈው ሰሞን እዚሁ ባህር ዳር፣ ጣና ዳር ካሉት አዳራሾች በአንዱ፣ የሰው ልጅ ወስደው ስለሚያሳድጉ ቤተሰቦች ስብሰባ ነበር። አንዲት የአደራ እናት፣ ማለትም ልጁን በሕግ ልጇ ሳታደርግ ተረክባ የምታሳድግ፣ ተነሥታ ጠየቀች። ልጁን ከወሰድን በኋላ የሚከታተለንና የሚደግፈን ሰው ለምን አይመደብም አለች። መድረክ ላይ የነበሩት፣ የሕፃናትን ጉዳይ የያዘው ቢሮ ኃላፊ፣ ፈገግ ብለው መለሱላት። «የእኛ ሕዝብ ልጅ ለማሳደግ ድጎማ አይጠብቅም። ልጅ በዕድሉ ያድጋል። ደግሞ ብር መስጠት ከጀመርን ሰው ለብር ብሎ ነው የሚወስደው።»

ተጨበጨበ። እኔ ምሳ ሳልበላ ወጣሁ። የስብሰባ ምሳ ጥዬ ስወጣ የመጀመሪያዬ ነው።

«ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የአራስ ጥየቃ ቃል ነው። አራተኛ ወይ አምስተኛ የወለደች ጎረቤታችንን፣ ገንፎዋን እየበላን፣ እናጽናናበታለን። የመንግሥት መመሪያ ሲሆን ያየሁት ገና አሁን ነው። ልጅ በዕድሉ የሚያድግ ከሆነማ ቢሮው ለምን ተከፈተ? ግቢው ውስጥ የቆመው መኪናስ ለማን ነው? ግንቦት 2016 የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ነው። ሲሠራ «ሰው በዕድሉ ይሻገራል፣ ታንኳ አይደል ያለው» ያለ ኃላፊ አልሰማሁም። በዚህ ከተማ የመንገድ ዘንባባ እንኳ አጠጪ አለው።

እሺ፣ ወደ ብሩ እንምጣ። አንድ ልጅ ማሳደጊያ ተቋም ሲገባ በዙሪያው ስንት ሰው ደመወዝ ይበላል? ዘበኛ አለ። ወጥ ሠሪ አለች። ልብስ አጣቢ፣ ሞግዚት፣ ሒሳብ ሠራተኛ፣ ሾፌር፣ ሥራ አስኪያጅ አለ። ዘበኛውን «በሩን የምትጠብቀው ለፍቅር ነው ወይስ ለደመወዝ?» ያለው የለም። ሒሳብ ሠራተኛው የልጆች ፍቅሩ በወር ስንት እንደሆነ አልተጠየቀም። ያው ልጅ አንዲት ሴት ቤት ሲገባ ግን እንጀራውን የምትጋግረው እሷ ናት። ልብሱን የምታጥበው እሷ። ሌሊት ሲያቃዠው የምትነሣው እሷ። ትምህርት ቤት «ወላጅ አምጣ» ሲባል ሥራዋን ጥላ የምትሮጠው እሷ። የዘበኛውንም የሥራ አስኪያጁንም ሥራ ደርባ ትሠራለች። ሰባቱ ሲከፈላቸው ሥራ ይባላል። እሷ «ትንሽ ደግፉኝ» ስትል ፍቅሯ ይጠረጠራል። በነገራችን ላይ፣ የዚያን ቀን ኃላፊው የስብሰባ አበላቸውን ፈርመው ሲወስዱ አይቻለሁ። ልጆችን ስለሚወዱ ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

ለብር ብሎ ልጅ የሚወስድ ይኖራል? ይኖር ይሆናል። ግን ልጅ ለክፉ የሚወስድ ሰው ዛሬም አለ፤ አምስት ሳንቲም ሳይከፈለው። ከገጠር ያመጣታል። ዕቃ ያሳጥባታል፣ ውኃ ያስቀዳታል፣ ሕፃን ያሳዝላታል። ጎረቤት ሲጠይቅ «እንደ ልጄ ነው የማያት» ይላል። ያቺን «እንደ» ልብ በሏት። ለእንዲህ ያለ ሰው በሩን የማያንኳኳ መሥሪያ ቤት ሠርግና ምላሽ ነው። በየወሩ የምትመጣ ማኅበራዊ ሠራተኛ ናት የምታስፈራው። ደጓን እናት የምትደግፈውም፣ ክፉውን የምታጋልጠውም ያቺው አንድ ሴት ናት። እሷን አስቀርቶ «ሰው ለብር እንዳይወስድ ነው» ማለት፣ ሌባ እንዳይገባ ብሎ ዘበኛውን ማባረር ነው።

የማውቃቸውን አንዲት እናት ልንገራችሁ። ሰፈሩ በሙሉ እትዬ ነው የሚላቸው። ሐይቁ ዳር ዓሣ ጠብሰው ይሸጣሉ። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት የ4 ዓመት ልጅ በአደራ ወሰዱ። ፎቶ ተነሡ። 25 ኪሎ ዱቄትና 5 ሊትር ዘይት ተሰጣቸው። ማኅበራዊ ሠራተኛዋ ሁለት ጊዜ መጣች። ሦስተኛውን እስካሁን እየጠበቁ ነው።

ልጅቷ ዳቦ ትደብቅ ነበር። ትራሷ ሥር፣ ቁምሳጥኑ ጀርባ፣ አንዴም ጫማ ውስጥ። እትዬ ሌባ መሰለቻቸው። ተቆጡ። አንድ ቀን ገረፏት፤ ይህን ሲያወሩ ዛሬም ቀና ብለው አያዩኝም። ጎረቤት «ጠበል ይውሰዷት» አለች። ወሰዷት። ዳቦው ግን አሁንም ከጫማ ውስጥ ይወጣል። ከዓመት በኋላ አንዲት ነርስ ዓሣ ልትበላ መጣች። በወሬ በወሬ ነገሩ ተነሣ። «እትዬ፣ ይህቺ ልጅ እኮ ሌባ አይደለችም» አለቻቸው። ተርቦ የኖረ ልጅ ነገም እንደሚበላ እስኪያምን ድረስ ምግብ ያሸሻል። አይቆጧት። ማታ ማታ ዳቦ በሰሐን አድርገው አልጋዋ አጠገብ ያስቀምጡላት። አደረጉት። በጥቂት ወራት ውስጥ ልጅቷ መደበቁን ተወችው።

ነርሷን ዓሣ ባያምራት ኖሮስ? በከተማችን ያለው የድጋፍ ሥርዓት ይኸው ነው፤ ዓሣ ያማራት ነርስ።

ሕግ የለም እንዳይባል አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ወላጅ አልባ ልጆች ልዩ ጥበቃ እንዲደረግላቸው፣ በጉዲፈቻ የሚያድጉበትን መንገድ የሚያመቻቹ ተቋማትም እንዲበረታቱ ያዛል። በ1992 የወጣው የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ጉዲፈቻ አድራጊው 25 ዓመት የሞላው እንዲሆን ይጠይቃል፣ ውሉንም ፍርድ ቤት መርምሮ እንዲያጸድቀው ያደርጋል። ጥሩ። መግቢያው ላይ ፍተሻ አለ። ከገቡ በኋላ ያለው ነው ጨለማ። ጥር 2010 ፓርላማው የውጭ ጉዲፈቻን ሲዘጋ ካጨበጨቡት አንዱ ነኝ። አልጸጸትም። ግን ያን ቀን «ልጆቻችንን እኛው እናሳድጋለን» ብለናል። «እኛ» ማለት እትዬ ብቻቸውን መሆናቸውን ማን ነገራቸው? በክልላችን ያለፉት ዓመታት ስንት ቤት እንደበተኑ ደግሞ አንባቢ ያውቀዋል፤ አልዘረዝርም።

የሚጠየቀው ሰማይ አይነካም። ስልክ የምታነሣ፣ ስሟ የሚታወቅ አንዲት ማኅበራዊ ሠራተኛ። መስከረም ሲጠባ ደብተርና ዩኒፎርም። ሕመም ሲመጣ የሚያሳክም ገንዘብ። በወር አንድ ቀን አሳዳጊዎቹ ተገናኝተው ቡና እየጠጡ የሚመካከሩበት ክፍል፤ ለዚህ እንኳ አዳራሽ እንዳለ በዓይናችን አይተናል።

ልጅቷ አሁን 13 ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤት የልደት ሰርተፍኬት አምጪ አላት። እትዬ ቀበሌ ሄዱ። «የአባት ስም?» ተባሉ። አያውቁም። የሟች ባላቸውን ስም ሰጡ። «ወልዷታል? ጉዲፈቻስ አድርጋችኋታል?» ተባሉ። አደራና ጉዲፈቻ እንደሚለያዩ የሰሙት ያኔ ነው፤ ፎቶው የተነሣ ዕለት የፈረሙት ወረቀት ሁሉን የጨረሰ መስሏቸው ነበር። የዓሣ ጠረጴዛቸውን ዘግተው ሦስት ጊዜ ተመላልሰዋል። ሰኞ ጠዋት አራተኛውን ወረፋ ይይዛሉ። ኃላፊው በዚያ በኩል ካለፉ፣ ስለ ዕድል ያሉትን እዚያው ወረፋው ላይ ይድገሙላቸው።