ኬክ የቀመሰው የዳኛው ልጅ

ፈረንጅ አምላኪን በማሽሟጠጥ በሕንድ በሚነገረው በኡርዱ ቋንቋ ከጻፉ ገጣሚዎች የአላሃባድ ከተማውን አክበር የሚደርስበት የለም። ሰውየው ግን ዳር ቆሞ ድንጋይ የሚወረውር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1846 ተወልዶ በ1921 እስኪሞት፣ ከባቡር ሥራ ጸሐፊነት ተነስቶ የሕግ ፈተና አልፎ የእንግሊዝ መንግሥት ዳኛ እስከ መሆን ደርሷል። በ1898 «ኻን ባሃዱር» የሚለውን ማዕረግም ከዚያው መንግሥት ተቀብሏል። «ቢ.ኤ. ሆኑ፣ ተቀጠሩ፣ ጡረታ ወጡ፣ ከዚያ ሞቱ» ብሎ የጓደኞቹን ገድል በአንድ ስንኝ ሲጨርሰው፣ መንገዱን ከውስጥ ያውቀዋል።

ልጁን ዒሽረትን ለትምህርት እንግሊዝ አገር የላከውም እሱ ራሱ ነው። ከዚያ በግጥም እንዲህ ሲል ጻፈለት፦ የቤት ፍቅር ጣዕሙን ረሳህ፣ የለንደን አየር በልተህ ኪዳኑን ረሳህ፤ ሆቴል ስትገባ ዒድ ከቁብህም አልገባ፣ ኬክ ቀምሰህ የሰዋያንን ጣዕም ረሳህ። ሰዋያን በዒድ ጠዋት በወተትና በስኳር የሚሠራ፣ እንደ ክር የቀጠነ የዱቄት ምግብ ነው። ዶሮ ወጥ ትቶ ፒዛ የሚመርጥ ልጅ ያለው ሀበሻ ወላጅ ይቺን ወቀሳ ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም።

ይቺ ግጥም ወደ አማርኛ ስትመለስ የምታስቸግረው በአሠራሯ ነው። እኛ ቤት የምንመታው በስንኙ መጨረሻ ፊደል ነው። ጋዘል በሚባለው የኡርዱ ግጥም ዓይነት ግን መጨረሻ ላይ ሳይለወጥ የሚደጋገም ቃል አለ፤ እዚህ «ቡል ጋዬ»፣ ማለትም «ረሳህ» ነው። ቤቱ የሚመታው ከእሱ በፊት ባለው ቃል ላይ ነው፦ መዛ፣ ወፋ፣ አዳ። ተርጓሚው ይህን ሳያይ እያንዳንዱን ስንኝ በ«ረሳህ» ብቻ ከዘጋው፣ አማርኛ አንባቢ ገጣሚው ቃል አጥሮት የደጋገመ ይመስለዋል። መፍትሔው «ረሳህ»ን ባለበት ትቶ ከፊቱ ያለውን ቃል ማስማማት ነው፦ ጣዕሙን ረሳህ፣ ኪዳኑን ረሳህ። ያኔ ድግግሞሹ እንደ መዶሻ ይመታል።

ሌላው የሚበላሸው የእንግሊዝኛው ቃል ነው። አክበር ሆን ብሎ ንጹሕ ኡርዱ ውስጥ ባዕድ ቃል ይሰነቅራል። «ለሕዝብ እያዘኑ ከሹማምንት ጋር ዲነር ይበላሉ፤ ሊደሩ ሐዘኑ በርትቶበታል፣ ግን ከነምቾቱ።» ቀልዱ ያለው «ዲነር» እና «ሊደር» ላይ ነው። ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጎም ሁለቱ ቃላት ከሌሎቹ ጋር ተመሳስለው ይጠፋሉ፤ ወደ አማርኛ «እራት» እና «መሪ» ተብሎ ሲገባም እንዲሁ። እንዳሉ ቢተዉ ግን የእኛ ጆሮ ይስቃል። ሆቴል አዳራሽ ተከራይቶ፣ ከረባት አስሮ፣ አገር ቤት ለተራበ ወገን «ዲነር» የሚጠራ ዲያስፖራ «እራት ግብዣ» ማለት ከተወ ቆይቷልና።

ታዲያ አክበርን «የራሳችሁን አትርሱ» ባይ ሰባኪ ብቻ አድርጎ መጥቀስ ግማሹን መጣል ነው። ጅራፉ ወደ ራሱም ይመለሳል። ጋንዲ በተነሣ ጊዜ ጡረተኛ ነበር፤ አክበር የመንግሥት ቅምጥ ባይሆን እሱንም ከጋንዲ ጎፒዎች መሃል ታገኙት ነበር ብሎ ጻፈ። ጎፒ የሚባሉት የሂንዱውን አምላክ ክሪሽናን በፍቅር የሚከተሉት እረኛ ሴቶች ናቸው። ሽበታም ዳኛ ራሱን ቅምጥ ሲል እንጀራው ከየት እንደሚመጣ አልደበቀም። ስለ ጋንዲ የጻፋቸው ግጥሞች የታተሙት ግን ከሞተ በኋላ ነው።

በአሊጋር ዘመናዊ ኮሌጅ ያቋቋመውን ሰይድ አሕመድ ኻንን ለዓመታት ሲቀልድበት ኖሮ፣ ሰውየው ሲሞት የእኛ ነገር ወሬ ብቻ ነው፣ ሰይድ ግን ይሠራ ነበር ብሎ መሰከረለት። ይቺ ለወቀሳ አትመችም።

አላሃባድ ውስጥ የነበረው መኖሪያው «ዒሽረት መንዚል» ይባል ነበር። ዒሽረት በኡርዱ ደስታ ማለት ነው። ስለዚህ ስሙ «የደስታ ቤት» ተብሎም ይፈታል፤ ወርቁ ግን ኬክ የቀመሰው ልጅ ቤት ነው።