ተኝታለች

«አበሻ ምስጢር አይችልም» የሚሉ ሰዎች ያስቁኛል። ሞት ቤታችን ሲገባ አፋችን እንዴት እንደሚታሸግ ቢያዩ፣ ባንኮች ለካዝናቸው በተሻሙብን ነበር።

አክስቴ ያረፈች ዕለት የእድሩ ጥሩምባ ሰፈሩን ቀሰቀሰ። ድንኳን ተተከለ፣ መንገድ ተዘጋ። የታክሲ ረዳት ሳይቀር «ለቅሶ ቤቱ ጋ ወራጅ አለ?» ይል ጀመር። ያልሰማች አንድ ሰው ብቻ ነበረች፤ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው ልጇ። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ የት ይገኛል!

አሳቢዎች ነና። መጀመሪያ ፈተና ላይ ነበረች። ፈተናው ሲያልፍ አዲስ ሥራ ጀመረች። ከዚያ ሁዳዴ ገባ፤ በጾም እንዴት ይነገራል? ከዚያ ፋሲካ ሆነ፤ በፋሲካስ እንዴት ይነገራል? ደግሞ ብቻዋን ናት፣ ትደነግጣለች። አብራት የምትኖር ጓደኛ ስታገኝ ደግሞ፣ ጓደኛዋ እንዳትደነግጥ ፈራን።

«እማዬን አገናኙኝ» ስትል የቤቱ ሰው ሁሉ ተዋናይ ሆነ። ጠበል ሄዳለች። ገዳም ናት፣ ኔትወርክ የለም። ጉንፋን ድምጿን ዘግቶታል። የእኔ መልስ ግን ከሁሉም ይበልጣል፦ «ተኝታለች።» ውሸት ነው? «አርፋለች» ብላትም ልክ ነበርኩ። እንዲህ ያለ ቋንቋ ይዘን ደረቅ እውነት ምን ያደርግልናል?

ልጅቷም «ለመድኃኒቷ» እያለች ዶላር ትልካለች። ብሩ የአርባው ጠላና እንጀራ ሆነ። ለእናቴ ብላ አይደል የላከችው? ለእናቷ ዋለ።

ጥበቡን እኛ ፈጠርነው ብዬ አልኩራራም፤ ቤተ መንግሥትም ያውቅበታል። ዳግማዊ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ሲያርፉ ሞታቸው ለሕዝብ ሳይነገር ተደብቆ ቆይቷል። ስልክ ለአገሩ ያስገቡ ንጉሥ፣ መርዷቸውን የሚደውል ጠፋ። እኛ አንዲት አክስት ብንደብቅ ምን ይገርማል?

ሁሉም ነገር መልክ ይዞ ሳለ አንድ የሩቅ ዘመድ ፎቶዋን ከሻማ ጋር ፌስቡክ ላይ ለጠፈ። «ነፍስ ይማር» ብሎ፣ ልጅቷን ታግ አድርጎ። እዚያ ያሉት አበሾች ሊያረዷት ለቅዳሜ ንጋት 11 ሰዓት ተቀጣጥረው ነበር። አምባሻው ሁሉ ታዝዟል። እሷ ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ሥራ ቦታ፣ ሳንድዊቿን እንደያዘች አነበበችው። ብቻዋን።

ባለፈው እሑድ ደወለች። «አጎቴስ?» አለችኝ። አባቴ ምሳ በልቶ ጋደም ብሏል።

«ተኝቷል» አልኳት።

ስልኩ ጸጥ አለ። ከዚያ ጩኸት። ሮጬ አባቴን ቀሰቀስኩትና ካሜራው ፊት አቆምኩት። አየችው፣ እንደገና አለቀሰች። እሱ ዓይኑን እያሻሸ ወደ እኔ ዞረ።

«ማን ሞተ?»

«ኧረ ማንም አልሞተም፣ አባዬ።»

ፊቴን ትክ ብሎ አየኝ። «ግድ የለም ንገረኝ» አለ፤ «እችለዋለሁ።»