አብሽር፣ ደርሻለሁ!

አውሮፕላን ስናደንቅ ዕድሜያችን አለቀ። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ነው፤ በ13 ሰዓት ገደማ የትም ሳያርፍ ይመጣል ይሉናል። ይምጣ! እኛ ደሴዎች ከዚህ የላቀ ጥበብ አለን፤ ከወንበራችን ሳንነሳ እንደርሳለን።

በቅርቡ የአክስቴ ልጅ ከዋሽንግተን መጣች። ቦሌ ወርዳ፣ አንድ ሰዓት በማይሞላ በረራ ኮምቦልቻ ገባች። እኔ ኤርፖርቱ በር ላይ ቆሜያለሁ። ባለመኪናው ወዳጄ ከደሴ ወርዶ ሊወስደን ቀጠሮው 3 ሰዓት ነው፤ መንገዱ ወደ 25 ኪሎ ሜትር። ደወልኩ።

«የት ደረስክ?»

«አብሽር፣ ሐረጎን ጨርሻለሁ!»

ከጀርባው የአስተናጋጅ ድምፅ ጥርት ብሎ መጣ፦ «ማኪያቶው የማን ነው?»

ክፉ አላሰብኩም። የሐረጎን ጠመዝማዛ እየወረደ ማኪያቶ የሚቀርብለት ሰው ቢኖር የኔ ወዳጅ ነው።

የአውሮፕላን ሰዎች ያሳዝኑኛል፤ ለዘገዩበት ሁሉ ምክንያት ማቅረብ አለባቸው። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ሲኬድ ከ16 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ለምን ሲባሉ፣ ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፣ ነዳጅ ጢም አድርጎ ሞልቶ መነሳት ይከብዳል፣ መንገድ ላይ አርፎ መቅዳት ግድ ነው ይላሉ። ደግሞም አውሮፕላን በሚበርበት ከፍታ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው፤ ሲሄዱ ፊት ለፊት ይገፋቸዋል፣ ሲመለሱ ከኋላ ያግዛቸዋል። ይህን ሁሉ ከማስረዳት «ደርሻለሁ» ማለት አይቀልም?

ወዳጄ እኮ የሚመጣው ወደ ምሥራቅ ነው፣ ያውም ከ500 ሜትር በላይ ቁልቁለት። ለሱ ሲባል ተራራው ሳይቀር አዘንብሏል። ነዳጅ መቅዳቱ ብቻ አልቀረለትም፤ ማኪያቶውን ያስታውሷል።

ወይስ የሰዓት ልዩነት ይሆን? አዲስ አበባ ከዋሽንግተን እንደ ወቅቱ 7 ወይም 8 ሰዓት ትቀድማለች። ምድር 15 ዲግሪ በዞረች ቁጥር አንድ ሰዓት ታስቆጥራለች፤ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለው ግን የዲግሪ አንድ አሥረኛ ገደማ ስለሆነ በፀሐይ ቢሰላ ግማሽ ደቂቃም አይሞላ። ወዳጄ ከዚያች ግማሽ ደቂቃ 3 ሙሉ ሰዓት አወጣባት። አውሮፕላኑ በሰዓት ወደ 900 ኪሎ ሜትር ይበራል፤ እሱ ከቀጠሮው ጀምሮ ሲሰላ በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም ሶምሶማ። በመካከሉ አራት ጊዜ ደውዬ አራት ጊዜ ደርሷል። ዋሽንግተን ደርሶ መልስ የሚበር አብራሪ እንኳ በአንድ ጠዋት አራት ጊዜ አይደርስም።

6 ሰዓት ላይ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ብቅ አለ። «ምነው፣ በረራው ዘገየ እንዴ?»

የአክስቴ ልጅ ዓይኗን አፍጥጣ አየችው። እኔ ሻንጣ አነሳሁ፤ ምን ይባላል? ወዲያው ስልኳ ጮኸ። አክስቴ ናት፣ ከደሴ፤ ቄጤማው ተጎዝጉዞ፣ ረከቦቱ ተዘርግቶ።

ልጅቷ አሥር ዓመት ውጭ ኖራለች፤ ደም ግን ደም ነው። አንዱ ሻንጣ ገና መሬት ላይ ነበር።

«አብሽሪ እማዬ፣ ሐረጎን ጨርሰናል፤ ቡናውን ቁይው!»