የደረቀውም መደብ ውጤት ነው

የስንዴ ምርምር ማሳ ሊጎበኙ የሚመጡ እንግዶች ብዙ ጊዜ የሚወሰዱት ወደ ለመለመው መደብ ነው። ዛላው ያማረው ስንዴ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ በሄክታር ስንት ኩንታል እንደሚሰጥም ይጠየቃል። ከጎኑ ቀጭጮ ያለ ጊዜው የገረጣው መደብ ግን እንደ ከሸፈ ሥራ ይታለፋል። ድርቅና ሙቀት የሚችል ዝርያ ለማውጣት ለሚደክም ተመራማሪ ግን ያ የገረጣው መደብ ከለመለመው ያላነሰ ነገር ይነግረዋል።

ስንዴ ቀዝቀዝ ያለ አየር ይወዳል። አርሲ ውስጥ ቁሉምሳ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ግድም ላይ የሚያምርበት ዝርያ፣ አፋር ወረር ላይ 740 ሜትር ገደማ ወርዶ ሲዘራ ሌላ ሰብል ይመስላል። ሙቀቱ ያቻኩለዋል፤ በቅጡ ሳይፋፋ ያብባል፤ ፍሬው በሚሞላበት ወቅት ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ ሲዘልቅ ደግሞ እህሉ ተኮማትሮ ይቀራል። ስለዚህ የሙቀት ሙከራ ተክሉን ሆን ብሎ ማስጨነቅ ነው። በሜክሲኮ ሲዩዳድ ኦብሬጎን የሚገኙት ተመራማሪዎች አበባው ከበረሃው ሙቀት ጋር እንዲገጥም የሙከራውን ከፊል አዘግይተው ይዘራሉ፤ ለድርቁ ሙከራ ደግሞ ውኃውን ይቆጥባሉ።

ከዚህ በፊት ያለው ሥራ የጣት ሥራ ነው። አዳቃዩ ዛላው ገና አረንጓዴ ሳለ እያንዳንዷን አበባ ከፍቶ ሦስቱን የወንዴ ክፍሎች በወረንጦ ይለቅማል፤ ዛላውን በወረቀት ከረጢት ይሸፍናል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም ከተመረጠው ሌላ ዝርያ የመጣ የአበባ ብናኝ ይነሰንስበታል። ከዚያች ዛላ የተገኘው ዘር ለብዙ ትውልድ እየተዘራና እየተመረጠ ዝርያ ሆኖ እስኪለቀቅ አሥር ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ዝርያው ከወጣ በኋላም ሥራው አያበቃም፤ በ2003 ዓ.ም. ቢጫ ዋግ የተባለው የስንዴ በሽታ ኩብሳ የተባለውን ዝርያ፣ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ የግንድ ዋግ ዲገሉ የተባለውን ዝርያ እንዴት እንደጎዱ የአርሲና የባሌ ገበሬ ያውቃል።

የበጋ መስኖ ስንዴ ወደ ቆላው በሰፋበት በዚህ ዘመን የእኔ ስጋት፣ በዓመታዊ ሪፖርት የሚታየው ኩንታል ብቻ ከሆነ የሙከራው መሬትና ውኃ ቀስ በቀስ ለዘር ብዜት ይሰጣል የሚል ነው። አንድ የሙከራ ጣቢያ ሲቋረጥ የሚጠፋው የዓመታት መዝገብና የተሰበሰበ ዘር ነው። ሙቀት የሚችል ስንዴ ለዓመታት ሲፈተሽባት የኖረችው የሱዳኗ ዋድ መዳኒ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. በጦርነቱ ስትያዝ የዘር ባንኳ ተዘርፏል። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ማሳ ያለ ጦርነት፣ በበጀት ጉድለት ብቻ እንዲባክን መፍቀድ የለብንም።

ስለዚህ ለማዳቀያና ለሙቀት ሙከራ የሚውለው መሬትና የመስኖ ውኃ ከምርት ዕቅዱ ተለይቶ፣ ቢያንስ ለአንድ ዝርያ ዕድሜ በሚበቃ በጀት ሊጠበቅ ይገባል። ጎብኚውም ስንት ኩንታል እንደተገኘ ከመጠየቁ በፊት የትኛው መደብ በስንተኛው ሳምንት እንደደረቀ ቢጠይቅ፣ ተመራማሪው በመዝገቡ የያዘው መልስ አለው።