ፊርማው መዝገብ ቤት ካልደረሰ

እንግሊዝ አገር መንገድ ላይ ጉድጓድ ያየ ሰው ስልኩን አውጥቶ «ፊክስ ማይ ስትሪት» በተባለው ድረ ገጽ ካርታ ላይ ቦታውን ያመለክታል፣ ፎቶ ያያይዛል፣ ሁለት መስመር ጽፎ ይልካል። «ማይ ሶሳይቲ» የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 የጀመረው ይህ አገልግሎት ጉዳዩ የየትኛው የአካባቢ ምክር ቤት እንደሆነ ከካርታው ለይቶ ያደርሳል። ለፓርላማ የሚቀርበው የበይነመረብ አቤቱታም ሥርዓት አለው። አምስት ደጋፊ ያገኘና ምርመራ ያለፈ አቤቱታ ስድስት ወር ክፍት ይሆናል። ፈራሚው በኢሜይል የሚላክለትን ማረጋገጫ ካልተጫነ ፊርማው አይቆጠርም። 10,000 ሲሞላ መንግሥት መልስ ይሰጣል፤ 100,000 ሲሞላ ለፓርላማ ክርክር ይታሰባል። ቁጥር ብቻውን ያሸንፋል ማለት ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት መውጣቷ ይቅር ያለው አቤቱታ ከ6 ሚሊዮን በላይ ፊርማ ይዞ፣ ክርክርም ተደርጎበት፣ መንግሥት አልተቀበለውም።

በውጭ የምንኖር ሰዎች ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ነው። የምናየው ድረ ገጹን ነው፤ ከጀርባው ተቀምጦ የሚቀበለውን ጽሕፈት ቤት አናይም። ስለዚህ አዲስ አበባ ዳርቻ፣ የካ አባዶ ወይም ቦሌ አራብሳ ውሃ ጠፋ ሲባል ቼንጅ ዶት ኦርግ የተባለውን የፊርማ ማሰባሰቢያ ድረ ገጽ ሊንክ እንልካለን። ከዋሽንግተን፣ ከስቶክሆልም፣ ከሚላኖ ይፈረማል፤ ቁጥሩ ያድጋል። የወረዳው ኃላፊ ዘንድ ግን አንድም ወረቀት አይደርስም። ቢደርስ እንኳ «እነዚህ የኔ ነዋሪዎች አይደሉም» ብሎ ለመመለስ አይቸገርም።

የከተማዋ ዳርቻ የጎደለው መሣሪያ አይደለም። የጋራ መኖሪያ ሰፈሮች ቴሌግራም ግሩፕ ለምደዋል፤ ማን ስንት ሰዓት ውሃ እንዳገኘ በደቂቃ ይታወቃል። የጎደለው ከግሩፑ እስከ መዝገብ ቤቱ ያለው መንገድ ነው፤ ሥራውም እዚያ ላይ ነው።

ውሃን እንያዝ። «ውሃ ይሰጠን» ብሎ የሚነሳ ዘመቻ መልሱ «እየሠራንበት ነው» ይሆናል፤ እንዲህ ያለው መልስ ደግሞ መያዣ የለውም። «የተመደበልን የፈረቃ ቀን ይከበር፤ ሲቀር ከአንድ ቀን በፊት ይነገረን» የሚል ጥያቄ ግን ተፈጸመ ወይም አልተፈጸመም ሊባል ይችላል። ጥያቄው አንድ፣ የሚቀርብበትም ቢሮ አንድ ይሁን። መንገዱን፣ መብራቱንና ጤና ጣቢያውን አብሮ የጫነ ደብዳቤ አራት ቢሮ ሲዞር ይከርማል።

ሁሉም በአንድ ትልቅ ግሩፕ ከተሰበሰበ እስከ ማታ የቤት ኪራይና የሶፋ ማስታወቂያ ይውጠዋል። የሚሻለው አስተባባሪዎች ብቻ የሚጽፉበት አንድ ቻናል ለማስታወቂያ፣ ለውይይት ደግሞ በየብሎኩ ትንሽ ግሩፕ ነው። አስተዳዳሪው ከሦስት ባያንስ ጥሩ ነው። አንድ ሰው ብቻ ይዞት ሲሙ ቢጠፋ ወይም ሰፈር ቢቀይር ቻናሉ ባለቤት አልባ ይቀራል። ባለቤትነትን ለሌላ ለማስተላለፍ ቴሌግራም ባለ ሁለት ደረጃ የይለፍ ቃል ቢያንስ ከ7 ቀን በፊት የበራ መሆኑን ስለሚጠይቅ፣ ይህ የሚስተካከለው በመጀመሪያው ቀን እንጂ ጭንቅ ሲመጣ አይደለም። የስልክ ቁጥርን ለማንም እንዳይታይ ማድረግንም አባላት ያን ዕለት ይማሩ።

ከሁሉም በላይ ልፋት የሚገባው ማስረጃው ነው። በየብሎኩ አንድ ሰው ለሁለት ሳምንት ቀኑን፣ ውሃው የመጣበትንና የሄደበትን ሰዓት ይመዝግብ። የሚመዘገበው አራተኛ ፎቅ ባለው ቧንቧ ሳይሆን ምድር ቤት ቆጣሪው ላይ ነው። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ብዙ አቤቱታ የሚሰበረው ግን እዚህ ላይ ነው። ቢሮው መጀመሪያ የሚመልሰው «ውሃው ተለቋል፤ የማይወጣው በፓምፓችሁ ምክንያት ነው» የሚል ነው፤ አንዳንዴም እውነቱን ነው። ፓምፑና ሮቶው የቤት ባለቤቶች ማኅበር ጉዳይ ከሆነ፣ የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣንን መክሰስ ነዋሪውን ከገዛ ኮሚቴው ጋር ያጣላዋል፤ ጥያቄውንም ያረክሰዋል። ፎቶ ሲላክ ደግሞ እንደ ፋይል ይላክ። ቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ የተላከውን ያሳንሰዋል፣ በውስጡ የተመዘገበውን ቀንና ቦታም ይጥለዋል። ያው መረጃ የሰውን ቤት ስለሚያሳይ ግን ፋይሉ ከአስተባባሪዎች እጅ መውጣት የለበትም፤ ለአደባባይ የሚበቃው ተራው ፎቶ ነው።

የቴሌግራም ድምፅ መስጫ የሰዉን ስሜት ለማወቅ ይጠቅማል፤ ፊርማ ግን አይደለም። አራት ስልክ ያለበት ቤት አራት ጊዜ ይመርጣል፤ ሰፈሩን የለቀቀ ሰውም ይመርጣል። በጉግል ፎርም ማን ለመፈረም ፈቃደኛ እንደሆነ በቤት ቁጥር ከተለየ በኋላ ወረቀቱ ታትሞ ደረጃ በደረጃ፣ በር በበር መሄድ አለበት። ለዚህ ከወጣቶቹ ይልቅ የእድሩ ገንዘብ ሰብሳቢ ይበረታል፤ ማን የት እንደሚኖር ያውቃል፣ ስማርት ስልክ የሌላቸው እናቶችም በሩን ይከፍቱለታል። ወረቀቱ ተራ ቁጥር፣ ሙሉ ስም፣ ብሎክና የቤት ቁጥር፣ ባለቤት ወይም ተከራይ፣ ፊርማ ይኑረው። ተከራዩን ለይቶ መጻፍ «ባለቤት ያልሆኑ ሰዎች ናቸው የፈረሙት» የሚለውን ሰበብ አስቀድሞ ይዘጋል። ስልክ ቁጥር አይጻፍበት፤ ዝርዝሩ ፎቶ ተነስቶ መዞሩ አይቀርም። የጥያቄው ሙሉ ቃል በእያንዳንዱ ገጽ አናት ላይ መታተም አለበት። አለዚያ የፊርማ ገጽ ተገንጥሎ ከሌላ ጉዳይ ጋር ሊያያዝ ይችላል፤ አንዴ እንዲህ ከሆነ በሚቀጥለው ዓመት ማንም አይፈርምም።

ደብዳቤው በሁለት ቅጂ መዝገብ ቤት ይገባል። በራሳችሁ ቅጂ ላይ ማኅተም፣ ቀንና የገቢ ቁጥር ሳታስደርጉ አትውጡ። ግልባጩ ለክፍለ ከተማውና ለቅሬታ ሰሚ ጽሕፈት ቤት ይሂድ። የገቢ ቁጥሩ ፎቶ ያን ዕለት ቻናሉ ላይ ይለጠፍ፤ ከማንኛውም ሃሽታግ ይልቅ ሰውን የሚያሰባስበው እሱ ነው። አቤቱታ የማቅረብ መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 ተጽፏል። የፈረቃ ሰሌዳው ራሱ ካልተገለጸ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት መረጃ ብሎ በጽሑፍ መጠየቅ ይቻላል፤ መልስ የመስጫው መደበኛ ጊዜ 30 ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ወደ እንባ ጠባቂ ተቋም የሚኬደው ቁጥር ያላቸውን ደብዳቤዎች ይዞ ነው።

አደጋው ላይ መሸፋፈን አይገባም። ቦሌ አራብሳም ኮዬ ፈጬም የአስተዳደር ወሰን ጉዳይ ከብሔር ጋር የሚነካካባቸው አካባቢዎች ናቸው። ስለ ቧንቧ የተጀመረ ንግግር አንድ ሰው «እነሱ» ባለ በሰዓታት ውስጥ ወደ ሌላ ነገር ይለወጣል። እንዲህ ያለው መልእክት ይጥፋ፤ የጻፈውም ለብቻው ይነገረው። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ የሚሰራጭ ሐሰተኛ መረጃን እስከ 3 ዓመት እስራት ያስቀጣል፤ ያልተረጋገጠ ወሬ ለጣፊውን ራሱን ይዞ ይሄዳል። ግንኙነትም ይቋረጣል። በሰኔ 2012 ኢንተርኔት ለሳምንታት ጠፍቷል፤ ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ቴሌግራምና ፌስቡክ ታግደው ቆይተዋል። በየብሎኩ ወረቀት ላይ የተጻፈና በአንድ ታማኝ ሰው እጅ ያለ የስልክ ዝርዝር ቢኖር በአጭር የጽሑፍ መልእክትና በደወል ሥራው ይቀጥላል።

የውጭ ነዋሪ ድርሻ እዚህ ላይ ይታየኛል። መዝገቡን በሠንጠረዥ ማደራጀት፣ ደብዳቤ መተየብ፣ የመልስ ቀኖችን መከታተል፣ የሕትመት ወጪን ደረሰኙ ቻናሉ ላይ ተለጥፎ መሸፈን። ሌሊት ሺፍት ጨርሶ የሚገባ ሰው እነዚህን ከሶፋው ላይ ሊሠራቸው ይችላል። ሰልፍ ይወጣ አይወጣ የሚለውን መወሰን ግን የሱ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 3/1983 የሚጠይቀው ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅን ነው፤ ያን ወረቀት ፈርሞ የሚያስገባው ሰው ግን ማታ የሚያድረው እዚያው ብሎክ ውስጥ ነው። ከሩቅ ሆኖ «ምን ትጠብቃላችሁ፣ ውጡ» ብሎ መጻፍ በሌላ ሰው ልጆች መወራረድ ነው፤ በግሩፖቻችን ውስጥ ይህን ዝም ብለን ማለፍ ማቆም አለብን።

ፈረቃው ከተስተካከለ በኋላም ምዝገባው ቢያንስ አንድ ወር ይቀጥል። የመጀመሪያው ሳምንት ብዙ ጊዜ ደህና ነው፤ መቅረት የሚጀምረው ግሩፑ ጸጥ ሲል ነው። ያን ጊዜ አዲስ ፊርማ መሰብሰብ አያስፈልግም፤ የቀድሞውን የገቢ ቁጥር ጠቅሶ፣ አዲሱን ሠንጠረዥ አያይዞ፣ ባለ አንድ ገጽ ደብዳቤ ማስገባት ይበቃል።