«ፋን ጨምርበት» የምትሉ ሰዎች፣ እባካችሁ ተዉን

ኧረ በናታችሁ! ብረት ማጠንከሪያ ምድጃ በእጁ የሠራ ሰው «የኮንትሮል ሳጥኑ እየጋለ አስቸገረኝ» ባለ ቁጥር መልሱ አንድ ነው፦ «ፋን ጨምርበት»። ሁለተኛ ፋን ይገባል፣ ሦስተኛ ይገባል፣ ኤስኤስአሩ (የምድጃውን ኤሌክትሪክ የሚያበራና የሚያጠፋው ኤሌክትሮኒክ ማብሪያ) ያው ይቃጠላል። የሚያበግነው ደግሞ ሒሳቡ የአንድ ደቂቃ ሥራ መሆኑ።

ኤስኤስአር በሚያሳልፈው በእያንዳንዱ አምፔር ከ1 እስከ 1.5 ዋት ገደማ ሙቀት ያወጣል። ምድጃው 15 አምፔር ከሳበ 20 ዋት በሉት፤ ፓወር ሰፕላዩንና ኮንትሮለሩን (ሙቀቱን የሚያነብና የሚቆጣጠረውን) ደምራችሁ 30 አድርጉት። የሳጥኑ አየር ከውጭው በ10 ዲግሪ ብቻ እንዲበልጥ ከፈለጋችሁ ዋቱን በ3 አባዝታችሁ ለ10 ማካፈል ነው፤ በሰዓት 9 ሜትር ኩብ አየር። መግቢያና መውጫው ካልታፈነ አንዲት ተራ የ80 ሚሊ ሜትር ፋን ከዚህ በላይ ትገፋለች። ታዲያ የጎደለው ፋን ነው?

የጎደለው ርቀት ነው። 800 ዲግሪ ላይ ሲሠራ የዋለ ምድጃ የውጭ ላሜራው እጅ አያስነካም። እናንተ ሳጥኑን እዚያው ላይ በአራት ብሎን ጥርቅም አድርጋችሁ ታስሩታላችሁ፣ ይባስ ብሎ ከበሩ በላይ! በሩ በተከፈተ ቁጥር የሚወጣው ትኩሳት ወዴት የሚሄድ መሰላችሁ? ጎን ላይ እሰሩት፤ ከ30 እስከ 50 ሚሊ ሜትር በረጅም ብሎን አርቁት፣ ክፍተቱንም ከላይም ከታችም አትድፈኑት። መሃሉ ላይ ሁለቱንም ግድግዳ የማይነካ ቀጭን የአሉሚኒየም ላሜራ ስቀሉ፤ ጨረሩን ይመልሳል፣ አየሩም በሁለቱ ጎኑ በራሱ ወደ ላይ ይወጣል። ኤሌክትሪክ አይበላ፣ አይበላሽ። የሬዚስታንሱ (የማሞቂያ ሽቦው) ጫፍ የሚወጣበትን ቀዳዳም ወደ ሳጥኑ ክፍቱን አትተዉት፦ የፖርሰሊን ቱቦ፣ ዙሪያውን ሴራሚክ ፋይበር። ጫፉን እጥፍ አድርጋችሁ ጠምዝዙት፣ እዚያ ላይ ብዙ እንዳይግል። ከዚያ ወዲህ የሚቀጠለው ሽቦ ሙቀት የሚችል ልባስ ይኑረው፤ የተራው ፒቪሲ ገደብ 70 ዲግሪ ነው።

ኤስኤስአሩን ከነሂትሲንኩ (ከነማቀዝቀዣ ባለ ክንፍ ብረቱ) የተዘጋ የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ የምትከቱትስ? ሂትሲንክ ሙቀቱን የሚያራግፍበት አየር ካጣ ተራ ብረት ነው። ክንፎቹን ወደ ውጭ አውጡ፣ ቁመታቸውም ወደ ላይ ይሁን። ከኤስኤስአሩ ሥር ቀለም ካለ ፋቁት፣ ቴርማል ፔስቱንም (ሙቀት አስተላላፊ ቅባቱን) እንደ ቅቤ አትለቅልቁት፤ ስስ ሽፋን ይበቃል። ኤስኤስአሩ ላይ ያለው «40 አምፔር» የሚለው ጽሑፍ በቂ ሂትሲንክ ላለውና ለቀዘቀዘ ነው፤ ሲግል የሚችለው አምፔር ይወርዳል። ሲሞት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እንደተዘጋ ነው የሚሞተው፣ ማለትም ምድጃው እንደበራ ይቀራል። ስለዚህ የራሱ ቴርሞካፕል (የሙቀት መለኪያ ሽቦ) ባለው ሌላ መቆጣጠሪያ የሚቆረጥ ኮንታክተር (በኮይል የሚሠራ ትልቅ ማብሪያ ማጥፊያ) ከፊቱ ይግባ። ይሄ ድርድር የለውም።

ማንም የማያነሳውን ልንገራችሁ። የጋለ ሳጥን ዕቃ ከማቃጠሉ በፊት ይዋሻል። ኮንትሮለሩ የቴርሞካፕሉን ንባብ የሚያስተካክለው የራሱን ተርሚናል (የሽቦ መግጠሚያ) ሙቀት ለክቶ ነው። ከምድጃው ግድግዳ እስከ ኮንትሮለሩ ተራ የመዳብ ሽቦ ከዘረጋችሁ፣ ቅጥሉ 75 ዲግሪ፣ ተርሚናሉ 40 ሲሆን የ35 ዲግሪ ያህል ልዩነት ተዋጠ ማለት ነው። ስክሪኑ 815 ይላል፣ ውስጡ 850 ነው። ከዚያ «ብረቱ ጥራት የለውም» ይባላል! ኬ ዓይነት ቴርሞካፕል ከሆነ የኬ ማራዘሚያ ሽቦ እስከ ተርሚናሉ ድረስ ይሂድ። ፋኑም በቀጥታ የኮንትሮለሩ ጀርባ ላይ አይንፋ፤ ተርሚናሉና በውስጥ ያለው መለኪያ እኩል ካልሆኑ ንባቡ ይዋዥቃል።

ካስፈለገ ፋኗ ከታች፣ በማጣሪያ በኩል፣ ወደ ውስጥ ትንፋ፤ መውጫው ከላይ። ከሳጥኑ የምትስብ ከሆነ ግን የሞረዱን የብረት ብናኝ በየቀዳዳው ታስገባለች፣ እሱ ደግሞ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ከዋናው ማጥፊያ በኋላም አትቀጥሏት። ምድጃው ከጠፋ በኋላ የጡቡ ሙቀት ለሰዓታት ወደ ውጭ ይመጣል፣ ሳጥኑ ከምንጊዜውም በላይ የሚግለውም ያኔ ሊሆን ይችላል፤ ፋኗ ግን አብራ ጠፍታለች። ከማጥፊያው በፊት፣ በራሷ ፊውዝ፣ 45 ዲግሪ ላይ በሚዘጋ ትንሽ ቴርሞስታት አገናኟት። እንግዲህ ማጥፊያው ቢጠፋም ውስጡ መስመር አለ፤ ሳጥኑን ስትከፍቱ ሶኬቱን ንቀሉ። ሌላ 60 ላይ የሚከፈት ቴርሞስታት በኮንታክተሩ ኮይል መስመር ላይ ካስገባችሁ፣ ፋኗ ብትቆም እንኳ ምድጃው ራሱ ይቆማል።

ደግሞ ሥራችሁን ስታሳዩ የስክሪኑን መብራት ሳይሆን ኤስኤስአሩ ሥር የተለካውን ሙቀት አሳዩን፤ ምድጃው ከጠፋ ከአንድ ሰዓት በኋላ ያለውንም ጨምሩበት።